ገመድ ያዡ

ከጣርማ በር ጉም ጋር ቁልቁል ሲወረድ፣
ደብረ ሲና መግቢያ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ጥድ።
ሽማግሌ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀው፣
ጥላውን እንጂ ጤናውን ማን አወቀው?

ወንድይፍራው መጣ፣ መጥረቢያውን ገልብጦ፣
በጀርባው መታው፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ።
«ድም» አለ ከእግሩ ሥር፣ «ድም» አለ ከወገቡ፤
እንደ ባዶ ጎተራ። ቅርፊቱ ነው እንጂ የቆመው፣ የለም ልቡ።

«እዚህ ላይ ገመድ አይታሰርም» አለ፣
«እኔን ሊችል ነው እንዴ፣ ራሱን ያልቻለ?»
ከጎኑ ያደገ ባሕር ዛፍ መረጥን፣
ጤነኛ፣ ቀጥ ያለ፤ መዘውሩን ከላዩ አንጠለጠልን።
ገመዱ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ተመለሰ፣
በወይራ ጉቶ ላይ ሦስቴ ዞሮ እኔ እጅ ደረሰ።

ሦስት ዙር። ምስጢሩ እሱ ነው፤ ክብደቱን ጉቶው ይበላዋል፣
ሰው በጉልበቱ የያዘው ገመድ ሰውን ይዞት ይሄዳል።
የገመድ ያዥ ሥራው መልቀቅ ነው፣ ግን በዝግታ፣
እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ ከጀርባ እንደማውረድ ማታ።

መንገዱ ከላይም ከታችም በቀይ ጨርቅ ታጠረ፤
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ አመረረ።
«ለአንድ እንጨት ሰዓት ሙሉ?» አለ ሾፌሩ።
መልስ የሰጠው የለም። ሽንኩርት ይበላሻል ነው ነገሩ።

መጋዙ ጮኸ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ አየር ላይ ተንሳፈፈ፣
ገመዱ ጉቶው ላይ ጨሰ፣ መዳፌን በጓንቱ ውስጥ ለብልቦ አለፈ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት። አሥራ አንድ ላይ ረሳሁት ቁጥሩን፤
አንገቴ ተገትሮ ሰውየውንም ዛፉንም አላይ፣ የማየው ገመዱን።

ከስንጥቁ እንደ በሶ የላመ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ፤
ሞቶም ግን ሽታው የጥድ ነው፣ አካባቢውን አዳረሰ።

ጫፉ ሲለቅ ግንዱ ተወዛወዘ፣ እንደሰከረ፤
ደግነቱ ወንድይፍራው የታሰረው ከጤነኛው ነበረ።
ሾፌሩ ያን ጊዜ ጡሩንባውን ተወው፤
ከኋላዬ መጥቶ የገመዱን ጭራ ሳልጠይቀው ያዘው።
«እግርህን ከገመዱ ክብ ውስጥ አውጣ!»
አወጣ።

ግንዱ ከሰው ቁመት ሲያንስ መጋዙ አረፈ፤
የቆሎ ሻጯ የእታፈራሁ ክንድ በስንጥቁ አለፈ፣
እስከ ብብቷ።
አወጣች አንድ ጣሳ፣ የቆሎ መስፈሪያ፣
በፌስታል የተቋጠረ ጨው፣ የዝናብ ላስቲክ፣ አሮጌ መቀመጫ መደላደያ።

«ባዶ መሆኑንማ ከናንተ በፊት እኔ አውቃለሁ፤
ሱቄ ነበር። ብናገር ይቆርጡብኛል ብዬ ዝም እላለሁ።
ነሐሴ ላይ ግን ነፋስ ሲመታው አቃሰተ፤
ልጆች ከሥሩ ነበሩ፤ ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ።
ቀበሌ ሄጄ የተናገርኩትም እኔ ነኝ» አለች፤
ጣሳውን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች።

ወንድይፍራው ወርዶ ማሰሪያውን ሲፈታ
እያየችው ነበር። ከዚያ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ባዶው ቦታ።

ቀዩ ጨርቅ ተነሣ። ሾፌሩ አንድ ጣሳ ቆሎ ገዛ፣
እሷ ሁለት ሰፈረችለት። ሞተሩ ጮኸ፣ ዳገቱን ተያያዘ።
ፀሐይ የእታፈራሁን ድንጋይ አገኘችው፣
ስንት ዓመት ፈልጋ ያጣችው።

ማታ ቤቴ ስተኛ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ፤
ሦስት ዙር፣ በልክ፣ በዝግታ፣
አሁንም ይለቃሉ።