ሊዝበን፣ በአርባ ሁለት ዩሮ

አርባ ሁለት ዩሮ፣ ለሦስት ቀን፣ ለሦስት ሌት፤
አልጋው አስቀድሞ ተከፍሏል፣ በኢዳሊና ቤት፣
አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለበት።
ገንዘቤን ከፋፍዬ ከተትኩ በሦስት ፖስታ፣
"ዓርብ"፣ "ቅዳሜ"፣ "እሑድ" ጻፍኩባቸው በርጋታ፤
የዓርቡ ግን ባዶ ሆነ፣ ገና ሳይሆን ማታ፦
የባቡር ቲኬት፣ ውሃ፣ አንድ ድቡልቡል ዳቦ፣
ደግሞ የፀሐይ ቅባት፤
ለካ ፀሐይም ይወጣል በዋጋ ታስቦ!

ከዚያ ወዲያ እግሬን ነው የመነዘርኩት፤
ዳገቱን በላብ ከፍዬ ቁልቁለቱን በመልስ ተቀበልኩት።
ቢጫዋ ትራም ስታልፍ፣ ሰው እንደ ሰርዲን ታጭቆባት፣
ደወሏን ብቻ ወሰድኩ፤ ደወል ቲኬት የለበት።

አልፋማ ሰፈር፣ ከአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ፣
ዝርዝሩን አነበብኩ ቆሜ ከመንገዱ ጫፍ፣
ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን ከቀኝ ወደ ግራ፦
መጀመሪያ ዋጋው፣ ኋላ ዓሣው በተራ።
አስተናጋጁ ሳቀ። የሸሚዙ ኮሌታ የነተበ፣
እሱም በሌላ ደጃፍ ከቀኝ ጀምሮ ያነበበ
ይመስላል። "ነገ" አልኩት። "ነገ" አለኝ በትሕትና፣
ነገ የሚባል ወጥ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለንና።

ቅዳሜ ኢዳሊና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
የሰው ሱሪ እየቀመቀመች፣ የመስኮቱን ብርሃን ተከትላ፣
"የመርከብ ሽርሽር ብለህ" አለችኝ "ገንዘብህን እንዳትበላ፤
ወደቡ ውረድ፣ አለልህ የሠራተኛ ጀልባ፣
በሰዓቱ የሚወጣ፣ በሰዓቱ የሚገባ፤
ያው ወንዝ፣ ያው ነፋስ፣
በቡና ዋጋ ወስዶ በቡና ዋጋ የሚመልስ።"

ወረድኩ። ተሻገርኩ።
ቴዡ ወንዝ፣ ባሕር ሊሆን ጥቂት የቀረው፣
ጨው ጨው በሚል ነፋስ ፊቴን ሲመትረው፣
ከተማዋ ከኋላችን ነጭ በነጭ ተዘረጋች፣
እንደ ታጠበ ልብስ ኮረብታ ላይ ተሰጣች።
ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።
ቀለም የነካው ቱታ የለበሰ ሰው እንቅልፍ ጥሎታል፤
ሁለት የሆቴል ጽዳት ሴቶች ጫማ አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ፤
አንድ ልጅ ጉልበቱ ላይ የሂሳብ የቤት ሥራ ይሠራል።
ለከተማዋ ጀርባ ሰጥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

ሌሊት ውሃ ጠማኝ።
ለቧንቧ ውሃ ፖስታ አያሻም ብዬ በባዶ እግሬ ወጥ ቤት ገባሁ፤
መብራቱን ሳልነካ፣ በመንገዱ ፋኖስ ጭላንጭል አየሁ፦
በምድጃውና በማቀዝቀዣው መካከል ታጣፊ አልጋ፣
ኢዳሊና እንደ ተዘጋ መቀስ ጠባ፣
የምትጠብቅ እስኪነጋ።
ታዲያ ያ እኔ የተጋደምኩበት፣ ሰፊው፣ የእንጨት ራስጌው፣
ግድግዳው ላይ የሁለት ሰው የሠርግ ፎቶ የተሰቀለው፣
"እንዴት ረከሰ!" ብዬ የተደነቅኩበት ክፍል፣
ለካ ቀሪውን ሂሳብ እሷ ናት የምትከፍል።
ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

እሑድ ጠዋት፣ በሩ ላይ፣ የእንግዳ ደብተር ሰጠችኝ፤
"ስለ አልጋው ጻፍ፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ መስኮቱ" አለችኝ።
ከዚያ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ በዝግታ፦
"ስለ ወጥ ቤቱ ግን አትጻፍ።"
ነበረች ማለት ነው፣ ነቅታ።

ጻፍኩ፦ "ንጹሕ ቤት። ጸጥ ያለ። ደረጃው ይበዛል።"
የእሑዱን ፖስታ በገጾቹ መሃል እንዳለ ላኖረው አልኩ፤
የአየር ማረፊያው ባቡር ትዝ አለኝና
ግማሹን መልሼ ቆጠርኩ።
ሰባት ዩሮ ትቼ፣ ሰባት ዩሮ ይዤ፣
አምስቱን ፎቅ ወረድኩ፣ የደረጃውን ብረት ይዤ።

ቃሌን ጠብቄአለሁ፤
ስለ ወጥ ቤቱ አልጻፍኩም፣
እዚያ።