እግር ያላት ፊደል

ሐምሌ ነው፤ ጦሳ ጭጋጉን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጎትቷል፣
የክፍላችን ቆርቆሮ ጣሪያ ከመምህራችን በላይ ይጮኻል።
ሐረገወይን ጠመኔዋን አስቀምጣ ትጠብቃለች፣
ዝናቡ ፋታ ሲሰጣት ካቆመችበት ትቀጥላለች፦

«በእንግሊዝ አገር አንዲቷ፣ የበሩ ማጠፊያ ሲንሿቀቅ፣
የጻፈችውን ከጥልፏ ሥር ትሸጉጣለች እንዳይታወቅ።
ሌላዋ የወንድ ስም ለብሳ ከአሳታሚ ደጅ ቆመች፤
ስሙ ሲመሰገን ሰምታ፣ ቤቷ ገብታ ዝም አለች።
ጽፋ ያገኘችው ሽልንግ፣ ባል ካላት፣ የባሏ ነበር፣
ሕጉ እጇንም ከነቀለሙ ከንብረቱ ጋር ሲቆጥር።»

ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል?»
ሳቅ ሆነ።
እኔ ግን እንግሊዝን እዚያው ትቼ
ቧንቧ ውሃ ወርጃለሁ፣ አክስቴ ጦይባ ዘንድ።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረች።
ከፊት ጠረጴዛ፣ ቴምብር፣ ራፖር ጸሐፊው ይመር እብሬ፣
በኮቱ ኪስ ሦስት ብዕር የሰካ፣ በአንዱም የማይጽፍ፤
ሞራ ዓይኑን ከጋረደው አራት ክረምት አልፎታል።
ከኋላው መጋረጃ።
ከመጋረጃው ኋላ እሷ።

ባለጉዳይ ሲናገር ይመር ጮክ ብሎ ይደግማል፦
«በሬዬን ነድቶ ወሰደ፣ ነው ያልከው?» ጨርቁ ይሰማል።
«በል ነገ ና። ጽሕፈት እንደ ቀሪቦ ነው፣ ሳያድር አይቀዳም።»
ሌሊት በኩራዝ እሷ ትጽፋለች፤
ከግርጌው ሁልጊዜ፦ ጸሐፊው ይመር እብሬ።

ደሴም «የይመር እጅ!» አለ፤ «ዳኛ የሚያስለቅስ እጅ!»
የሷን ግን ያየ አልነበረም።
ከአመልካቾቹ ሁሉ ቀድሞ አመልካች ጣቷ ጠቆረ፤
«ምን ነካሽ?» ሲሏት
«አለላ ነክሬ ነው» ትላለች።

ፊደል የቆጠረችው ከወንድሟ ትይዩ ተቀምጣ ነው፣
መጽሐፉ ለሱ የቀና፣ ለሷ የተዘቀዘቀ።
ስለዚህ ከፊደል ሁሉ ቀድማ ያየችው እግራቸውን ነው፤
ራሳቸውን ኋላ ነው፣ ለብቻዋ፣ የተዋወቀችው።

አንድ ማክሰኞ ከወረባቦ ሸጊቱ የምትባል መጣች፤
ባሏ ሞቶ ወንድሞቹ ማሳዋን በገመድ ለክተው ተካፍለዋል።
ይመር «ሃምሳ ሳንቲም» ሲል እሷ መጋረጃውን አየች።
«ያቺ እዛ ውስጥ እምትተነፍሰዋ» አለች፣ «እሷ ትጻፍልኝ።»
ይመር ሳለ።
ዝናብ አልነበረም፤ ሁሉም ተሰማ።

በዚያ ሌሊት ኩራዙ ሁለቴ ጋዝ ጠየቀ።
ጎህ ሲቀድ ከግርጌው ደረሰች፣
«ጸሐፊ» ብላ ቆመች።
ለ«ው» የለመደችውን ክንድ ነፈገችው፣
ከሥሩ እግር አወጣችለት፦
ጸሐፊዋ ይመር እብሬ።
ሌላ ምንም አልነካችም፤ የባሏን ስም እንኳ።

የመዝገብ ቤቱ ሹም አንብቦ «የፊደል ግድፈት» አለ፣
በቀይ እርሳስ እግሩን ቆረጠ፣ ክንዱን መልሶ ቀጠለ።

ሸጊቱ ማሳዋን አገኘች ወይ? እንጃ፤ ካርቦኑ ውሳኔ የለውም።
ሹሙ ያረመው ዋናውን ነው፤ ቅጂውን ማንም አላረመውም።

ትናንት ማታ ከአክስቴ ሣጥን፣ ከከፈን ጨርቋ ሥር አገኘሁት፤
ሰማያዊ፣ የደበዘዘ፣
«ዋ» በእግሯ እንደቆመች።
አክስቴ በር ላይ ሆና አየችኝ።
ምንም አላለች። ሣጥኑን ግን አልዘጋችም።

«አንቺ! ከመስኮቱ ጥግ ያለሽው!» ሐረገወይን ናት፤ ዝናቡ አባርቷል፣
ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል።
«ምን ነክቶሽ ነው ጣትሽን የምታዪው?»

ታጥቤዋለሁ፤ ካርቦኑ አልለቀቀም።
«አለላ ነው» ልል ነበር።