ሰባተኛው ሳምንት፣ መስመር አሥራ አንድ

ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣ ጎተንበርግ ሳትነቃ፣
ትራሜን አወጣለሁ፣ ሐዲዱን እያንቋቋ።
ማንም አያውቅም ገና፣ ከዚህ መስታወት በቀር፣
በአንድ ሾፌር ወንበር ላይ ሁለት ነፍስ እንደሚያድር።

ነፋሱን ለምጄዋለሁ፣ ብርዱም ያው ነው እንደ ልማዱ፤
የሚጥለኝ ሽታ ነው፣ ሰው ሲሳፈር በየመንገዱ፦
የረጠበ የሱፍ ካፖርት፣ የጠዋት ሽቶ፣ የወረቀት ኩባያ ቡና፣
በፌስታል የታሰረ ዓሣ፣ እሱማ ያቅለሸልሸኛል፣ ቋጠሮው ሳይፈታ ገና።
ምራቄ አፌን ይሞላል። ሆዴ ወደ ላይ ይላል።
እጄ ግን ፍሬኑ ላይ ነው። ትራም ወዴት ዞር ይላል?

አዋላጇ ጉኒላ፣ ብዕር የማይለየው እጇ፣
ቀስ ብላ ነው የምታወራኝ፣ እንደ ታናሽ ልጇ።
«ይህን ያህላል» ብላ የጫካ እንጆሪ አሳየችኝ፤
እኔ በሆዴ ተረጎምሁት፦ ሽምብራ አርግዘሻል አለችኝ።
ፎሊኩን በየቀኑ ዋጪ። ውሃም ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ።
በባዶ ሆድሽ አትነሺ፤ ብስኩት ይደር ከትራስሽ አጠገብ።
ጥሬ ሥጋ ክልክል ነው። (ክትፎን ማን ነገራት፣ በስመ አብ!)
ደም ካየሽ፣ ቁርጠት ከጠናብሽ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፤
ድካሙ ስንፍና አይደለም፤ ገላሽ ቤት እየሠራ ነው፤ እረፍትን ሥራዬ በዪ።

ማለቱስ ቀላል ነው! እንቅልፍማ እንደ አበዳሪ
ከቀትር በፊት ይመጣል፣ ደጄን አንኳኪ፣ ተጣሪ።
አምሮቴስ ምን ቢሆን ጥሩ? በኮምጣጤ የተነከረ ኪያር፤
በጠርሙስ ገዝቼ፣ ውሃው ሳይቀር፣ ጨረስሁት ስቲግበርግ ፌርማታ ዳር።
ትናንት አንድ ሽማግሌ፣ የወደቀ ጓንቱን ሊያነሳ ሲመለስ፣
አለቀስሁ። ለጓንት! ለጓንት እንዲህ ይለቀስ?

አክስቴ ውድነሽ፣ ቀኗ ያለፈባት ሴት ባየች ቁጥር፣
«ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል» ትል ነበር።
እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርሁ።
አምና በጥቅምት ግን፣
በዘጠነኛው ሳምንት፣
ጠፋ።
ቂጣ አልነበረም እኮ፣ አክስቴ።
የልቡን ምት በማሽን ሰምቼዋለሁ፣
ባቡር እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነበር።
ቂጣ አልነበረም።

ለዚህ ነው ዘንድሮ ለዳምጠው ያልነገርሁት፣
ብስኩቱን ከትራሴ ሥር እንደ ሌባ የደበቅሁት።
እሱ ግን ትናንት ማታ ሽንኩርት መጥበሱን ትቶ፣
መስኮቱን ከፍቶ፣ ድንች ቀቅሎ ጠበቀኝ።
ልጦ ሰጠኝ። ጨው አቀረበልኝ።
ምንም አልጠየቀኝ።

ሳልትሆልመን። መጨረሻው። ሐዲዱ ባሕር ዳር ያልቃል።
ስድስት ደቂቃ እረፍት አለኝ፤ ጀልባው ሰው ይጠብቃል።
በሬን ከፍቼ ቀዝቃዛውን አየር እንደ ውሃ ጠጣሁት፤
ከኪሴም ያገሩን ደረቅ ቂጣ አውጥቼ ቆረስሁት፦
ቂጣ!
ብቻዬን ሳቅሁ፣ ፍርፋሪው ጭኔ ላይ እየተበተነ።
ለዳምጠው ደወልሁ። «ድንች ተርፏል?» አልሁት።
ዝም አለ። ከዚያ፦ «ስንት ሳምንት ሆነ?»

ሰዓቱ ደረሰ። ደወሉን መታሁ።
ስማኝ፣ ወይም ስሚኝ፣ አንተ ሽምብራ፣ አንቺ የጫካ ፍሬ፤
ስለ ነገ አልምልም፤ በእጄ ያለው ዛሬ።
የዛሬዋን ኪኒን ውጫለሁ፤ ውሃዬ ይኸው፣ አጠገቤ ነው፤
ቂጣውን እኔ አጠፋዋለሁ፤
ያንተ ሥራ መግፋት ነው።
ግፋ።
ግፊ።