የሐዲድ ክፍተት

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምውለው፤
የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ማስረጃ ነው የማባዛው።
ማሽኑ ሙቀት ሲበዛበት ወረቀት ይነክሳል፤
የአንዱ ዲግሪ ተጨማዶ ይወጣል፤ ባለቤቱ እኔን ይወቅሳል።
የእኔም አለ፣ በላስቲክ ተለብጦ፣ ከመሳቢያው ውስጥ፤
ፊዚክስ፣ ሦስት ነጥብ አራት። ሦስት ዓመቱ። አይሸጥ፣ አይለወጥ።

ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩን ቀላል ነበር ነገሩ፦
ሥራ ማለት ጉልበት ሲባዛ በርቀት፤ በቃ፣ ይኸው ቀመሩ።
ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ብትገፊ፣ ላብሽ ቢወርድ እንደ ጎርፍ፣
ግድግዳው ፈቀቅ ካላለ፣ ሥራሽ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ።
ያኔ ስቀን ነበር።
ከዚያ ፋይሌን ታቅፌ፣ ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ፣
የስንቱን ቢሮ በር ገፋሁ፣ ከምረቃ እስከ ዛሬ፤
አንዱም ፈቀቅ አላለም።
በሕጉ ከሄድን እንግዲህ፣ እኔ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

«የመረጃ ተንታኝ፣ ለጥናት ክፍል፣ ብዛት፦ አንድ» ይላል፤
«ልምድ፦ ሁለት ዓመት» የሚለው በደማቅ ቀለም ተጽፏል።
ሃምሳ ቅጂ አነሣሁ፤ መልስ እየቆጠርኩ፣
ለሃምሳ ተፎካካሪዎቼ በገዛ እጄ ሸጥኩ።
ሃምሳ አንደኛዋ የራሴ ናት፤ ሒሳቧን ከኪሴ ከፈልኩ።

ማታ ደቻቱ እወርዳለሁ።
ወንዝ ይሉታል እንጂ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው የሚፈሰው፤
ፍየል ያቋርጠዋል፣ ባጃጅ ያቋርጠዋል፣ ሱሪውን ሳይሰበስብ ሰው።
ልጅ ሳለሁ ግን አንድ ሌሊት፣ የእኛ ሰማይ ሳይጠቁር፣
እዚያ ላይ የዘነበው መጣና ወሰደው የጎረቤታችንን በር።
በሩን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ከድልድዩ እግር ላይ፣ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርኩ፤
በዱቄት ወተት ጣሳ ዝናብ፣ በዘንግ አሸዋ ለካሁ።
ሦስት ዓመት፣ አራት ደብተር። ቀን፣ ሰዓት፣ ከፍታ፦
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ጠዋት ዜሮ፤ ዜሮ ማታ።
የሠፈር ልጆች «ሂንዲያ ዜሮ» ይሉኛል፤
ዜሮም ልኬት ነው፤ ማን ይሰማኛል።

ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።
ሦስት ሰዎች፣ የሚንቀጫቀጭ ማራገቢያ ሥር።
ሴትየዋ በእርሳሷ ጫፍ መታ መታ አድርጋ ወረቀቴን፦
«እዚህ ጋ ክፍተት አለ፤ የት አጠፋሽው ሦስት ዓመትሽን?»

አባቴ አብዶሽ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፣ የድሮው ባቡር ሳይቆም፤
በመዶሻ እያንኳኳ ብረቱን ያዳምጥ ነበር፣ እንደ ሐኪም።
አንድ ቀን ትንሿን ጣቴን ይዞ ከሁለት ሐዲድ መሃል ሰደዳት፤
«ይቺን ያየ የሠራተኛ ስንፍና ይላታል። እኛ ነን አውቀን የተውናት።
የድሬ ፀሐይ ብረት ታስረዝማለች፤ መድረሻ ካላገኘ፣
ጠዋት ቀጥ ያለው ሐዲድ፣ ቀትር ላይ ጎብጦ ተገኘ።»
ያ እያስተኛኝ ያሳደገኝ ቀጭቀጭታ፣
ለካ መንኮራኩሩ ነበር፣ ክፍተት ሲሻገር ማታ ማታ።

ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ደብተሮቹን አስቀመጥኩ።
አንደኛው ገለጠ፣ ገለጠ። «ዜሮ ብቻ ነው እንዴ?»
«እስከ ሦስተኛው ደብተር» አልኩ።
ሦስተኛውን ሳበ። ሚያዝያ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ።
አንድ ሜትር ከሠላሳ።
ገጹ ላይ የጭቃ ጣት አለ፤ ጽሑፉ ተንጋዷል፣ በችኮላ፣ በዝናብ።
ማራገቢያው ብቻ ተናገረ። ሴትየዋ እርሳሷን አኖረች።
«እንደውላለን» አለች።

ሱቅ ተመለስኩ። የሰው ወረቀት ጨርሼ፣ እንደ ልማዴ ወረድኩ።
አሸዋው ደረቅ ነው፤ ደንገጎ አናት ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል።
ቀኑን ጻፍኩ፤ ሰዓቱን ጻፍኩ፤
ከፍታው ጋ ስደርስ ብዕሬን አነሣሁና
ክፍት ቦታ ተውኩ።