ከማን እስከ ምን

ፖርቶ ሞንት ላይ ዝናብ ሥራ አይፈታም፤
ዓርብ ቢለምኑት ሰኞም አይገታም።
በዚያች ወደብ ዳር፣ በአራተኛው ፎቅ፣
ስድስት ሰው ተቀምጧል ወሬ ሳይናጠቅ፤
ግድግዳው ባዶ ነው፣ ጠረጴዛው ሙሉ፣
ቢጫ ቁራጭ ወረቀቶች ከብዕር ጋር አሉ።

ያለፈው ዓርብ ነው ያሰባሰባቸው።
ትኬት ቆራጩ ፕሮግራም፣ የእጃቸው ሥራቸው፣
ለበዓል ዋዜማ፣ በዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ድንገት ዐይኑን ከደነ፣ መርከቧ ስትታይ።
ሦስት መቶ አርባ መኪና ወደቡ ላይ ቆመ፤
ሕፃን አለቀሰ፣ ጡሩምባ አስገመገመ፤
ሳልሞን ዓሣ የጫነው ሹፌር ወርዶ ከመኪናው፣
በረዶው ጠብ ጠብ ሲል ቆሞ ያያል፣
ገንዘቡ ከጎማው ሥር ሲፈስ እንደ ውኃው።

ያስና ተነሣች፣ የስብሰባው መሪ፣
ጠመኔ የለመደች፣ ድሮ አስተማሪ፤
ሰሌዳው ላይ ጻፈች ብዕሯን አንሥታ፣
«ምን አደረገው?» ብላ፣ «ማን» የሚለውን ትታ።

በእኛ ፊደል ቢሆን ልዩነቱ ቅንጣት፣
ከራብዕ ወደ ሳድስ አንዲት ፊደል ማንሸራተት፤
ማ ባንድ እግር ቆማ ጣት ትቀስራለች፣
ም ጎንበስ ትልና ከሥር ትፈልጋለች።
በእነሱም ቋንቋ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፤
ባንድ ድምፅ ተጀምረው በኋላ ነው መለያያቸው።

አሥር ደቂቃ ሙሉ የተሰማው ዝናብ፣
የብዕር ጭረት፣ የማሞቂያው ቧንቧ አየር ሲስብ።
ከሁሉም የሚያንሰው፣ ስሙ ሊንኮያን፣
ተነሥቶ ለጠፈ አንድ ቃል ብቻውን፤
የገዛ ስሙን።

ማንም አልተነፈሰ።
ያስና ቀርባ አየችው፤ አልቀደደችውም፤
«ስምህ መልስ አይደለም፤ ነገሩ እዚህ አያልቅም።
ዐይንህ ምን አየ? እጅህስ የት ነበር?
ከመጀመሪያው ንገረን፣ ሳትቸኩል፣ ሳታሳምር።»

«ሁለት መስኮት ነበር ክፍት ማሽኔ ላይ፣
አንዱ መሞከሪያ፣ አንዱ እውነተኛው፣
ሁለቱም የሌሊት ሰማይ።
ሰዓቱ አጥሮ ነበር፣ ስልኩ ይደውላል፤
አጥፋ አልኩት ለዚህኛው፤ ያኛው ተሰርዟል።»

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤
ምን አስቸኮለው ብሎ ግን ማን ይጠይቃል?

ኤሌውቴሪዮ ጉሮሮውን ጠረገ፣
በዳታቤዙ ጓዳ ሽበት ያሳደገ፤
«እኔም አድርጌዋለሁ፣ ከአራት ዓመት በፊት፣
ያንኑ ትእዛዝ፣ በእኩለ ሌሊት፤
ሳይነጋ መለስኩት፤ ያየኝ ሰው አልነበረም፤
ያየኝ ስለሌለ፣ ማንም አልተማረም።»

በዚህ መሃል የሊንኮያን ብዕር ወደቀ፣
ከማሞቂያው ኋላ ገብቶ ተደበቀ፤
ልጁ ተንበርክኮ ሲዳብስ በአቧራው መካከል፣
ወረቀት ይዞ ወጣ፣
ጠርዙ የተጠቀለለ እንደ ደረቀ ቅጠል።
የሁለት ዓመት ጽሑፍ፦ «የመስኮቶቹ ቀለም ይለያይ።»
የኤሌውቴሪዮ እጅ ጽሑፍ፤ ስም የሌለው፣ ቀን ያለው ከላይ።

ተናግሮ ነበር ማለት ነው፣ ስሙን ሳይጠራ፤
ሰምተውት ነበር ማለት ነው፣ ሁሉም በየተራ፤
ፎቶ አንሥተው፣ ኬክ ቆርሰው፣ በሩን ዘግተው ሄዱ፤
ቃላቸውና ሙጫው እኩል ደርቀው ከግድግዳው ወረዱ።

ያስና ወንበር ስባ ተቀመጠች።
የዚያን ቀንም መሪ እሷው ነበረች።
ፎቶው ስልኳ ውስጥ አለ፣ ከልደትና ከድመቷ መሃል፤
«ይሄ የኔ ነው» ስትል ድምፅዋ ይሰበራል።
«ምን አስረሳሽ?» አላት ሊንኮያን በዝግታ፤
ሳቋና እንባዋ ተጋፉ ለአንድ አፍታ።

አሥራ አንድ ሐሳብ ወጣ፤ አሥሩ ይቆይ ተባለ፤
አንዱ ብቻ ለማክሰኞ፣
ባለቤት ተሰየመለት፣ ሰዓትም ተተከለ።
ኤሌውቴሪዮ ወርዶ ከመርከብ ጥገናው ቤት
መዶሻ ተውሶ መጣ፣ ምስማርም ጨመሩለት፤
አሮጌዋን ወረቀት ቸነከራት ከግድግዳው፤
«አከራዩ ይቆጣል» አለ አንዱ። «ይቆጣ» አለው።

ማክሰኞ ጠዋት አንዱ መስኮት ቀልቶ ታየ፤
ሊንኮያን ጣቱን ከቁልፉ በላይ ትንሽ አቆየ።
ከታች መርከቧ ጮኸች። ዝናቡ አላቆመም።
ዓሣ የጫነው ሹፌር ተሳፍሮ አለፈ፤
ይህን ሁሉ አልሰማም።