የሰው ግድግዳ

ሐሙስ አመሻሽ ነው፣ ገበያው ሲፈታ፣
ቆርቆሮው በዝናብ ሲመታ ሲመታ፣
ነዚፍ አባ ቡልጉ ከሱቄ በር ላይ
ጫማውን ይፍቃል፣ ጭቃው እንዳይታይ።

ሂርማታን በሙሉ እሱ ነው የጻፋት፤
የዳቦ ቤቱን «ዳ» ሆዷን የነፋት፣
የጸጉር ቤቷን ሴት አንገት ያስረዘማት፣
የጎሚስታውን «ሚ» በጎማ ያቆማት።
«ልጄ፣» አለኝ፣ «ሰዉ አቀርቅሮ ቀረ፣
ቀና ብሎ ማንበብ በድሮ ጊዜ ቀረ።
እስቲ በዚያ በናንተው ጻፊኝ።»

ቦታ በነጻ የሚሰጥ ድርጅት ነበር።
«ነዚፍ» ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ፦ «ተይዟል።»
«ማን?» አለ ነዚፍ፣ «ማን ደፍሮ ይዞታል?
አባቴ በጆሮዬ አዛን ብሎ ያወጣው
ስሜ ከእኔ በፊት ወዴት ነው የወጣው?»
«ነዚፍ ቀለም» ስለው ማሽኑ እሺ አለ፤
ነዚፍ ግን ያን ሌላ ነዚፍ እንዳማ አለ።

ነጭ ሰሌዳ መጣ፣ እጅ ያልነካው ግንብ፤
በግራው ዕቃ አለ፦ ርዕስ፣ ምስል፣ መስመር፣
በመዳፊት ይዞ ካሻው ቦታ ማኖር።
ነዚፍ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ
«የኔን ሰማያዊ አምጪው፣» አለ፣ አንገቱን አስግጎ፣
«ማንኪያ ነጭ ጨምሬ በላምባ የምመታውን።»
አርባ ደቂቃ ፈለግን፤ አላስከፈልኩትም።
አንዱ ይደምቅበታል፣ አንዱ ይሞትበታል፣
«እሷ ናት!» ሲል በድንገት ጠረጴዛዬን ይመታል።
ስድስት ሆሄ ነበረች፣ ቁጥርና ላቲን የተቀየጠባት፤
መዳፉ ላይ ጻፋት፣ ኋላ በቀለም ጣሳው ክዳን ላይ ገለበጣት።

አማርኛው ግን እምቢ አለ።
የጻፍኩት ሁሉ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን ሆኖ ተደረደረ።
«ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ የቀበሌ ቤት?»
ብሩሹን አወጣ፣ ካርቶን ለመነኝ፣
ስሙን በእጁ ጻፈ፣ ከሥሩ ደግሞ በቁቤ፤
በስልኬ አንስቼ፣ እንደ ሥዕል አድርጌ
ከሰሌዳው መሀል ሰቀልኩት።
«ዚ» እግር ላይ አንዲት የብሩሽ ጸጉር ቀርታ ነበር፤
አብራ ገባች።

«አትም» የሚለውን ልጫን ስል እጄን ያዘ።
«ግድግዳው የማን ነው?»
«የድርጅቱ።»
«አገሩ የት ነው?»
«እንጃ።»
«ባለቤቱ ቢያስለቅቀንስ?»
ሳቅኩበት። ተጫንኩት።

ሁለት ክረምት ሄደ፤ አዌቱ ሁለት ጊዜ ደፈረሰ።
አንድ ማለዳ በጨዋ እንግሊዝኛ መልእክት ደረሰ፦
አገልግሎታችን በሠላሳ ቀን ይዘጋል፣
አብረን ስለነበርን እናመሰግናለን።
እንዴት ብዬ ልንገረው? በባጃጅ አጂፕ ወረድኩ፤
መሰላል ላይ አገኘሁት፣ ነጭ እየቀባ፣
የራሱን እጅ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች እያጠፋ።
ጎሚስታው ተሸጦ ሞባይል ቤት ሆኗል።
ነገርኩት። ብሩሹን አላቆመም።
«ግድግዳ መቼ የኔ ሆኖ ያውቃል፣» አለኝ፣
«ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት በሰው ቤት ላይ ነው።
እነዚያስ ደጎች ናቸው፣ ሠላሳ ቀን ሰጡን፤
ይሄኛው የነገረኝ ዛሬ ጠዋት ነው።»
ከእርጥቡ ነጭ ሥር «ሚ» ገና ትታያለች፣
ጎማዋን ታቅፋ።

ማታ በሩን ገርበብ አድርጌ
የነበረውን ሁሉ በፍላሽ ቀዳሁ፣
ሌላ ድርጅት፣ ሌላ ሰሌዳ ከፈትኩ፣
ከሁሉ አስቀድሜ ስድስቷን ሆሄ ጻፍኩ።
እሱም ደረሰ፣ ጣቶቹ ነጭ እንደሆኑ፣
ወንበር ስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ስሙን አስቲ መጀመሪያ ባዶውን ሞክሪ፣ ነዚፍ ብቻ፤
ያ ሰውዬ ለቆት እንደሆነ።»

ሞከርኩ።
ዝናብ ነው፣ መስመሩ ቀርፋፋ ነው፣
ክቧ ትዞራለች።
ሁለታችንም ዝም ብለን እናያታለን።