አንድ ለዘመን

ቢቸና፣ ከሰዓት። የላብራቶሪው ቆርቆሮ በዝናብ ይደበደባል፤
ከእጄ ያለችው ቺፕ ልቧ ግን ከዝናቡም ይፈጥናል።
በሰከንድ አሥራ ስድስት ሚሊዮን ጊዜ ትመታለች፣
ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥ፣ ከእኔ በላይ ትቆጥራለች።

ለደወል ነበር የፈለግኋት።
የትምህርት ቤታችን ደወል የአይሱዙ ቸርኬ ነው፣
ከባሕር ዛፍ የተሰቀለ፣ ጠርዙን ዝገት የበላው፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በመዶሻ እየመታ
ያስገባን፣ ያስወጣን አያ ልመንህ ነው፣ ጧትና ማታ።
ዳይሬክተሩ «ይረፍ እንግዲህ፣ እጁም ተንቀጠቀጠ» አሉ፣
ሥራውን ለማሽን፣ ማሽኑን ለእኔ ጣሉ።

ታይመሯን ከፈትሁ።
ማካፈያዋን ሺ ሃያ አራት ላይ አሰርሁ፣
ጎርፍ በቦይ እንደሚገራ፣ ትርታዋን አሳነስሁ፤
ለአንድ ሰከንድ አሥራ አምስት ሺ ስድስት መቶ ሃያ አምስት ደረሰኝ።
«እዚህ ቁጥር ስትደርሺ» አልኋት «በኢንተራፕት ቀስቅሺኝ፣
ከዚያ ወደ ዜሮ ተመለሺ።»
ቁጥሩን እንዳለ፣ ሳልሸራርፍ፣ በሬጅስተሯ ጻፍሁ።

ሰኞ በሁለት ሰዓት፣ የመጥረጊያ ሞተር ብሎን ወርውሮ
ቸርኬውን መታው። ተማሪው አጨበጨበ፣ ዛፉን ዙሮ።
አያ ልመንህ መዶሻውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ
ከዘበኛ ቤቱ ደጅ ተቀመጠ፣ ሬድዮኑን ጉልበቱ ላይ ጥሎ።

በወሩ መጣ።
«አንቺ ልጅ፣ ደወልሽ ታነክሳለች።»
«የት ላይ?»
«በቀን አምስት ሰከንድ ተኩል ትዘገያለች።
ሬድዮኑ ጢ ሲል ጀምሬ በጣቴ እቆጥራለሁ፤
ዛሬ ሦስት ደቂቃ ሊሞላት አሥራ አራት ሰከንድ ቀራት፣ እምልልሻለሁ።»

ሳቅሁ። «የጮቄ ብርድ ነው፣ ክሪስታሏን አቆርፍዷት።»
«ብርድማ አንድ ቀን ይጠናል፣ አንድ ቀን ይለቃል፤
ይቺ ግን እኩል ትጎድላለች። እኩል የሚጎድል ከቁጥር ይመጣል።
የት ነው የምትቆጥረው?»
«ሬጅስተር በሚባል።»
«መዝገብ አትይኝም! ከስንት ትጀምራለች?»
«ከዜሮ።»

ዝም አለ።
በልጅነቱ ዲማ ወርዶ ባሕረ ሐሳብ ቀጽሎ ነበር፣
አባቱ ሲሞት ነው የተመለሰው፣ ከበሬና ከሞፈር።
«በግእዙ ዜሮ የለንም» አለ፣ «ከአሐዱ ነው የምንነሣ፤
ቢሆንም ዘመኑን ለዐሥራ ዘጠኝ ገድፈን፣ ከተረፈው ላይ ሳንረሳ
አንድ ለዘመን እናነሣለን፣
ያልሞላው ዓመት እንደሞላ እንዳይቆጠር።
የቀረው ወንበር ይባላል።
አንቺ አንዷን ለማን አነሣሽ?»

ለማንም አላነሣሁም።
ዜሮ ላይ መቆሟም አንድ እርምጃ ነበር፤ እኔ ባዶ ነው ብዬ
በየሰከንዱ አንዲት ትርታ፣ እንደ አራጣ፣ ተበድዬ
ከልጆች ዕረፍት ስከፍል ከረምሁ።

ሃያ አምስቱን ሃያ አራት አልሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም።
በማግሥቱ ጢና ጓ አንድ ላይ ወጡ። አያ ልመንህ ቀና ብሎም አላየኝም፤
ባትሪውን ፀሐይ ላይ ያሰጣ ነበር።

ኅዳር ላይ መብራት ጠፋ።
ቺፒቱ የያዘችውን ሁሉ ረስታ ዜሮ ሆነች።
ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ጠመኔ በእጄ፤ ደወሏ ዝም አለች።
ከዚያ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
መዶሻ።
ስልኬን አየሁ፤
አራት ሰከንድ ቀድሟል።
አላነሣሁበትም።